ፍንጭት

ፒያኖ መቃኘት ነው ሥራዬ፤ ፒትስበርግ፣ ከወንዙ ማዶ፣
ሰማዩ ከብረት ጭስ ጋራ በኖረበት ተዛምዶ።
መፍቻዬን በኪሴ ይዤ፣ ጆሮዬን ከፊት አስቀድሜ፣
ስንቱን ደጅ አንኳኩቻለሁ፤ ስንቱን ዜማ ሰማሁ ቆሜ።

ኦርሊና ቲብስን ያወቅኋት በረዶ በጣለበት ማታ፣
ሶዳ የበላው እጇን ይዛ ከላውንደሪው ሥራ ወጥታ፣
በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ በዚያ ባረጀ ፒያኖ
ስትጫወት ነው። ብርዱ ከጣቷ ጋር ተፋጦ፣ ኋላም ተሸንፎ መንኖ።

ከመሃል አንዱ ቁልፍ ድዳ ነው። ቢነኩት ትንፍሽ አይልም።
እንጨት ወርዶ እንጨት ይወጣል እንጂ ድምፅ አያበቅልም።
«ልክፈተው» አልኳት።
                    እጄን መታችው።
«የኔ ነው» አለች፣ «ዝም ብለህ ተወው።»
ሳቀች ደግሞ ወዲያው። ለካ ጥርሷም ፍንጭት ናት፤
ያን ዜማም በዚያው ስም ጠራችው፣ ሌላ ስም አላሻት።

ግራ እጇ እንደ ጭነት ባቡር ዳገቱን ሽቅብ ሲጎትት፣
ቀኝ እጇ እንደ ሰካራም ሰው ደረጃ ሲቆጥር፣ ሲስት፣
ልክ ስምንተኛው ምት ላይ፣ ጆሮ ሊቀበል ሲዘረጋ፣
ድዳው ላይ ታርፋለች።
ዝም።
ደረጃ የለም። እግርህ አየር ይረግጣል።
ከዚያ ባቡሩ ይመጣል።

ሸክላ ላይ ያስቀረጿት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤
የጫማ ሱቅ ጓዳ ነበር «ስቱዲዮ» ያሉት ቤታቸው።
ክሌተስ ባሱን ይዞ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ፣
በአንድ ሌሊት አለቀ፤ ስህተቱም ሳይታረም፣ እንዳለ፣ አብሮ።
ሦስት መቶ ታተመ። ሁለት መቶው ሳይሸጥ ቀረ።
ሸክላ ነውና ስሙ፣ ገሚሱ በመንገድ ተሰበረ።

የተረፈው ግን ተሰደደ።

ኮፐንሃገን ላይ ቶርበን የሚሉት ሳክስፎን ነፊ
ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ብቻ ለቀቀ፣
ኖታ የሌለው ንፋስ፣ የወደብ ንፋስ፣
ገመድ እየመታ ያለፈ።
ኦሳካ ውስጥ ናትሱኮ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት፣
ከተጫረ ቅጂ ነው ያጠናችው፣ ጭረቱም ዜማ መስሏት፤
ቦታው ሲደርስ በምላሷ ጠቅ ታደርጋለች፣
አንዴም ሳትስት።
ሌኒንግራድ ደግሞ ግሌብ በድብቅ ቀድቶት ነበር
በሆስፒታል ራጅ ላይ፣ በማያውቀው ሰው ደረት።
መርፌው ከጎድን ወደ ጎድን ሲሻገር፣
ዝምታው ጋ ሲደርስ፣
ያ ሰው አየር የሚስብ ይመስላል።

ሎስ አንጀለሶች ግን በሠላሳ ቫዮሊን አጀቡት፤
ክፍተቷን ፈልገው አገኟት፣ በማርም ሞሉት።
የተሸጠው እሱ ነው! በአሳንሰር ሰማሁት፣ በባንክ፣
በጥርስ ሐኪም ቤት ደግሞ (ሌላ የት ሊሆን?) አፌን ከፍቼ።

ኦርሊናም ከላውንደሪው ራዲዮ ሰማችው አንድ ቀን።
ካውያዋን አቆመች።
«ፒያኖዬን ማን ጠገነው?» አለች፣
ወደ ሸሚዙ ኮሌታ ተመለሰች።

በተቀበረች በወሩ ቄሱ «አድስልን» ብሎ ጠራኝ።
ምድር ቤቱ ያው ነው፤ ብርዱም እንደ ድሮ ተቀበለኝ።
ክዳኑን አነሳሁ። መዶሻው ጤነኛ፣ ሽቦው ያልተነካ፤
ከሥሩ ግን፣ ታጥፎ ታጥፎ፣ እንደ ጥፍር የሚያክል፣
የአውቶቡስ ቲኬት ተወሽቋል።
ቀኑ ደብዝዟል፤ መድረሻው ይነበባል፤ ሜሪዲያን፣ ሚሲሲፒ።
ያልተቀደደ።

አወጣሁት። ቁልፉን መታሁ።
ጮኸ።
እንደ ጎረቤቶቹ ነበር ድምፁ፤ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣
ሰው ለሃያ ሰባት ዓመት የሚጠብቀው ዓይነት አልነበረ።

ቲኬቱን በድሮ እጥፋቱ አጥፌ መለስኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ።
ደረሰኙ ላይ «የተጠገነ የለም» ብዬ ጻፍኩ፤
ሂሳብ የሚለው ቦታ ላይ ምንም አልሞላሁ።